በኤድስ ወገኑን ያጣ ኀዘንተኛ እንዴት ይጽናናል?

ሞት የማይጎበኘው ቤት የለም። ስለዚህም የቀደሙት አባቶቻችንና እናቶቻችን ኀዘንተኛ ብቻውን እንዳይወድቅ የሚደግፍ ሥርዓት ሠርተው አቆዩልን። በከሚሴ ከተማም ሆነ በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በደዌ ሀረዋና በባቲ ወረዳዎች ሰው በሞተ ጊዜ ቅሬው ይጠራል፤ ጎልማሶች መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶች ውሃ ቀድተው ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ሽማግሌዎች በዱዓ፣ ጎረቤቶች በእንባ ከኀዘንተኛው ጋር ይውላሉ። በዚህ ረገድ ሕዝባችን ከሌላው ከሚማረው ይልቅ ለሌላው የሚያስተምረው ይበዛል።

ነገር ግን በኤድስ ምክንያት የሚመጣው ሞት ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ ይህ መልካም ሥርዓት በከፊል ሲሰናከል ይታያል። ድንኳኑ ይተከላል፤ ንግግሩ ግን ሹክሹክታ ይሆናል። ባሏ የሞተባት ሴት ስለ ሕመሙ ብትጠየቅ «ሳንባ ነበር» ብላ ታልፋለች፤ ጠያቂውም አላመናትም፤ እርሷም እንዳላመናት ታውቃለች። እንዲህ ያለው ኀዘንተኛ ኀዘኑን ግማሹን አልቅሶ ግማሹን ይደብቃል። በዚህ ወር ጽሑፋችን ይህ የተደበቀ ኀዘን በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ እንዲሁም ጎረቤት፣ ቅሬና መምህር ሊያደርጉት የሚገባውን እርዳታ ባጭሩ እናስረዳለን።

በሽታው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ ምልክት መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 በተወሰደ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 በአዲስ አበባ ታወቁ። ከዚያ በኋላ በሽታው የሰውና የዕቃ መመላለሻ በሆኑት አውራ ጎዳናዎች ዳር ወደ ተቆረቆሩት ከተሞች ተዛመተ። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ መቀሌ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ባቲም ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚያወርደው መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገድ ሲሳይን እንደሚያመጣ ሁሉ ደዌንም ሊያመጣ ይችላል፤ በዚህም መንገደኛውም ሆነ የከተማው ነዋሪ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ በነጻ መታደል የጀመረው ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ በነበሩት ሃያ ዓመታት ገደማ በሽታው የያዘው ሰው ቤተ ሰቡ ከማስታመም በቀር ሊያደርግለት የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። በመላው ዓለም ወረርሽኙ በተባባሰበት በ2004 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሞተዋል። መድኃኒቱ ከተስፋፋ በኋላ ግን ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዶ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 630,000 ወርዷል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሰዎች ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 በመቶ ነበሩ።

ዛሬ ቫይረሱ በደሙ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያቋርጥ ቢወስድ እንደ ማንኛውም ሰው ሠርቶ፣ ወልዶና አርጅቶ ይኖራል። የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከወረደና በዚያው ከጸናም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ ሞቱ ፈጽሞ አልቀረም። ሳይመረመሩ የዘገዩ ወይም መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎች ዛሬም ይሞታሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴን አልፎ በሄደ ጊዜ እንደታየው፣ ሕዝብ ከቤቱ በሚፈናቀልበት ወቅት መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከዚህም ሌላ የቀድሞው ኀዘን ገና አልደረቀም። በዚያ በክፉው ዘመን ወላጁን የቀበረ ሕፃን ዛሬ ራሱ ወላጅ ወይም መምህር ሆኗል፤ ምናልባትም አባቱ በምን እንደሞተ እስከ ዛሬ በግልጽ የነገረው ሰው የለም።

ይህ ኀዘን ከሌላው ስለምን ይከብዳል

አንደኛው ምክንያት ምሥጢሩ ነው። ኬነት ዶካ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኅብረተሰብ የማይቀበለውና በአደባባይ የማይለቀስ ኀዘን ከሌላው ይልቅ እንደሚበረታ አስረድቷል። ይህንኑ በአማርኛ «ዕውቅና የተነፈገ ኀዘን» ልንለው እንችላለን።

ሁለተኛው ምክንያት የኀዘኑ መደራረብ ነው። ባሏን የቀበረች ሴት ከእርሱ በፊት ሕፃን ቀብራ ይሆናል። ሦስተኛው ለራስ መፍራት ነው፤ ኀዘንተኛይቱ ለሟቹ ስታለቅስ «ተከታይዋ እኔ ነኝን?» የሚለው ጥያቄ ከልቧ አይጠፋም። አራተኛው «ማን አመጣው?» የሚለው ወቀሳ ነው፤ ይህ ጥያቄ የሟቹንና የመበለቲቱን ዘመዶች አለያይቶ፣ አልፎ አልፎም መበለቲቱን ከቤትና ከመሬት እስከ ማስወጣት ይደርሳል። አምስተኛው ድካም ነው። ለወራት ያስታመመ ሰው ሞቱ በደረሰ ጊዜ ጉልበቱም ገንዘቡም አልቆ ይገኛል።

እንዲህ ያለው ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ በሽታው በጀመረበት ዘመን አንዳንድ የቀብር ድርጅቶች በኤድስ የሞተውን ሰው አስከሬን አንቀበልም ይሉ ነበር። ወዳጆቻቸውን ያጡ ሰዎች በክሊቭ ጆንስ አነሣሽነት የእያንዳንዱን ሟች ስም በመቃብር ልክ በተቆረጠ ጨርቅ ላይ ሰፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ጥቅምት ወርም 1,920 ጨርቆችን በዋሽንግተን አደባባይ አነጠፉ። በዚያው ዓመት በኡጋንዳ ኖሪን ካሌባ የተባለች ሴት ባሏ በዚህ በሽታ ከሞተባት በኋላ ሕሙማንንና ቤተ ሰቦቻቸውን የሚረዳ ታሶ የተባለ ማኅበር ከባልንጀሮቿ ጋር አቋቋመች። ሁለቱም ሥራዎች የተጀመሩት የሟቹን ስም ያለ ኀፍረት በመጥራት ነው።

በአገራችንም ለዚህ ምሳሌ አይጠፋም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተጠረገ ሲቃጠል ያ ዘመን ይታወሳል። በዚያ በሽታ የሞተውን ሰው «ከማን ያዘው?» ብሎ የሚወቅሰው የለም። ኤች አይ ቪም ሰው ሳያውቀው የሚይዘው ረቂቅ ተሐዋሲ ነውና በእርሱ የሞተው ወገናችን ተመሳሳይ ክብር ይገባዋል።

ገላን ስለ ማጠብና ስለ መገነዝ

የማጽናናት ሥራ የሚጀምረው ከጀናዛው ነው። በበሽታው ስለሞተ ብቻ ገላውን ለማጠብ እጅ የሚሰበሰብበት ሰው ቤተ ሰቡ ያንን ቀን እስከ ዕድሜ ልክ አይረሳውም። ስለዚህ ይህ ነገር በግልጽ ይታወቅ፦ ቫይረሱ በጤነኛ ቆዳ ውስጥ አልፎ አይገባም። ሟቹን በመንካት፣ በመሳም ወይም ከፈን በማልበስ አይተላለፍም። ኀዘንተኞችን በመጨበጥ፣ ከእነርሱ ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ በመቀመጥ፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣትና በአንድ መጸዳጃ ቤት በመጠቀምም አይተላለፍም።

አጣቢዎች ጓንት ያድርጉ፤ በእጃቸው ላይ ቁስል ካለ ይሸፍኑት፤ ደምና ፈሳሽ የነካውን ስፍራ በበረኪና ውሃ ያጽዱ፤ ሲጨርሱም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ይህ ጥንቃቄ ለአንድ ሟች ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በማንኛውም በሽታ ለሞተ ሰው ሁሉ የሚገባ ነው። ቅሬው ጓንትና ሳሙና አስቀድሞ አዘጋጅቶ ለሁሉም ጀናዛ በእኩል ቢጠቀምበት አጣቢዎቹ ይጠበቃሉ፤ የሟቹም ምሥጢር አይገለጥም።

ጎረቤት ምን ይበል፣ ምንስ አይበል

ወደ ኀዘን ቤት የሚሄድ ሰው የሞቱን ምክንያት አይጠይቅ። ኀዘንተኛው ራሱ ሊናገር ከወደደ ግን ዝም ብሎ ያዳምጠው፤ የሰማውንም ወደ ሌላ ቤት ይዞ አይሂድ። «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ወይም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው ቃል ለሌላው ሟች እንደሚባለው ያህል ለዚህም ይባል። የሟቹ ስም ይጠራ፤ ደግነቱና ሙያው ይነገር። በኤድስ የሞተ ሰው በሞቱ ብቻ እየታሰበ ሕይወቱ ይረሳልና፣ ለልጆቹ «አባትህ እንዲህ ያለ ሰው ነበር» ብሎ መንገር ታላቅ ስጦታ ነው።

«ቢጠነቀቅ ኖሮ» አይባል። «እርሱስ ተገላገለ» አይባል። ኀዘንተኛይቱንም «አንቺስ ተመረመርሽ ወይ?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ነውር ነው።

በዞናችን ከሦስተኛው ቀን ሰደቃ ወይም ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከባዱ ጊዜ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ዕዳው ይቆጠራል፤ ልጆች ይጠይቃሉ። እኛ በውጭ አገር በትምህርት ላይ በነበርንበት ጊዜ፣ ኀዘንተኛ ለቅሶውን ከጨረሰ በኋላ በዝግ ቤት ብቻውን የሚቀርባቸውን ከተሞች አይተናል፤ በዚያም ሰው ለሚያዋየው ባለሙያ ገንዘብ ይከፍላል። በእኛ አገር ይህን ሥራ ጎረቤት በነጻ ሊሠራው ይችላል። በአሥረኛው ቀን አንድ ሰው፣ በአርባኛው ሌላ ሰው፣ ከዚያም በየወሩ አንድ ሰው ተራ ገብቶ ቢጠይቅ፣ ጥቂት እህል ወይም ስኳር ይዞ ቡና አብሮ ቢጠጣ፣ ጥቅሙ ከብዙ ምክር ይበልጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው ነው።

በአዲስ አበባ በ1990ዎቹ ዓመታት አንዳንድ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው፣ ቀድሞ ለቀብር ብቻ ያውሉት ከነበረው ገንዘብ ለሕሙማንና ወላጅ ላጡ ልጆችም መርዳት ጀምረው ነበር። የዞናችን ቅሬዎችም ይህን ፈለግ ቢከተሉ መልካም ነው። መበለቲቱ መዋጮ መክፈል ቢያቅታት ከአባልነት አትሰረዝ፤ በቤቷና በመሬቷ ላይ ያላትን መብት የሚነካ ሰው ቢነሣም የቅሬው ሽማግሌዎች ከጎኗ ይቁሙ።

ኀዘን በሰውነት ላይ የሚያደርገው

እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመውደድ፣ የደረት መጨነቅ፣ መርሳት፣ የሟቹን ድምፅ የሰሙ መምሰል፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፤ እነዚህ ሁሉ በኀዘንተኛ ላይ የሚታዩ ናቸው እንጂ በራሳቸው በሽታ አይደሉም። ለብዙው ሰው ከጊዜና ከወገን ድጋፍ ጋር እየቀለሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ኀዘንተኛውን ውሃና አጥሚት እንዲጠጣ፣ ጥቂት ጥቂት እንዲበላ፣ ቀን ወደ ፀሐይ እንዲወጣ መርዳት ይበቃል። ዘመዶች አዝነው ከመድኃኒት ቤት የእንቅልፍና የማደንዘዣ ኪኒን ገዝተው ሲሰጡ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ግን ለኀዘን ብቻ ተብሎ እንዲህ ያለው ማደንዘዣ እንዳይሰጥ አሳስቧል።

ሆኖም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ፈጥኖ መውሰድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ኀዘንተኛው መሞትን እንደሚመኝ ከተናገረ፣ መብላትና መጠጣት ፈጽሞ ካቆመ፣ ኀዘኑን በመጠጥ ወይም በጫት ለመርሳት ከተያዘ፣ የራሱን መድኃኒት መውሰድ ከተወ፣ አንድ ቀንም አይጠበቅ። ከስድስት ወር በላይ አልፎም ኀዘኑ ምንም ሳይቀልለት ሥራውንና ልጆቹን መንከባከብ ያልቻለ ሰው የሐኪም እርዳታ ያስፈልገዋል። በተለይ የራሱን መድኃኒት የሚወስድ ባል ወይም ሚስት «ከእንግዲህ ለማን ብዬ?» ብሎ ኪኒኑን ሲያቆም አንድ ሞት ሁለት ይሆናል። ይህን የሚያየው ከሁሉ በፊት ጎረቤት ነው።

ስለ መበለትና ስለ ሕፃን

«ደዌውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ይሠራል። ባል ወይም ሚስት በኤድስ ከሞተ ቀሪው መመርመር ይገባዋል፤ ይህን ምክር የሚሰጠው ግን የሐኪም ቤት ሠራተኛ ወይም የታመነ የቅርብ ዘመድ በስውር ይሁን። ሙስሊም መበለት በሃይማኖቷ ሥርዓት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ ይህ ጊዜ ሳያልፍ ተመርምራ፣ ካስፈለገም መድኃኒት ጀምራ ልትገኝ ትችላለች። ለሕክምና ከቤት መውጣቷን በሚመለከት ቤተ ሰቡ ቢያመነታ ኢማሞችና ሸኾች ቢያስረዱ ነገሩ ይቀላል። የሟች ወንድም መበለቲቱን የሚያገባበት ልማድ ባለበት ቤትም፣ ከሁሉ በፊት የእርሷ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ሁለቱም ከኒካሕ በፊት ይመርመሩ።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ካለ ግን ምርመራው ለቅሶው እስኪያልፍ እንኳ አይዘግይ። ቫይረሱ ያለበትና ሕክምና ያላገኘ ሕፃን ከሦስት አንዱ ያህል አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ግማሹ ያህል ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። በጊዜ የታከመ ሕፃን ግን አድጎ ትምህርት ቤት ይገባል። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በነጻ ይሰጣል፤ የጤና ሠራተኛም የሕመምተኛን ምሥጢር ሰውየው ከሞተ በኋላም ቢሆን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ለመምህራን

በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው ማልዶ፣ በሽማግሌዎች አፍ፣ ኀዘንተኛው በወገን ተከቦ ሳለ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአዋቂ ይደረጋል፤ ሕፃኑ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከዞናችን ብዙ ሰው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሥራ ይሄዳልና ለልጁ «እናትህ ዓረብ አገር ሄዳለች» ብሎ ማለፍ ቀላል ይመስላል። ልጁ ግን ስልክ በተደወለ ቁጥር የእናቱን ድምፅ ይጠብቃል፤ እውነቱን ከመንገድ በሰማ ጊዜም ሁለት ጊዜ ያዝናል፤ አንድ ጊዜ ስለ እናቱ፣ አንድ ጊዜ ስለ ዋሹት ሰዎች። ስለዚህ ለሕፃን «ሞታለች፤ ተመልሳ አትመጣም፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ከእንግዲህ የሚያሳድጉህ እነ እገሌ ናቸው» ተብሎ በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በሚያምነው ሰው አፍ ይነገረው። የበሽታው ስም ልጁ ከፍ እያለ ሲሄድ እንደ ዕድሜው ይገለጥለታል።

መምህሩ ወላጅ የሞተበትን ተማሪ በክፍል ፊት አያስነሣው፤ የወላጁንም በሽታ ለማንም አይናገር። ትምህርቱ የቀነሰ፣ ሲነጋ ራቱን ሳይበላ ያደረ የሚመስል፣ ከጓደኞቹ ጋር መጣላት ያዘወተረ ተማሪ ሰነፍ ወይም ባለጌ ነው ተብሎ ከመቀጣቱ በፊት ቤቱ ይጠየቅ። ደብተርና የደንብ ልብስ ቢያስፈልገው በስውር ይሰጠው። ተማሪው ራሱ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ከሌሎች ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጥ፤ አብሮ ይጫወት፤ በዚህ ማንም አይያዝም።

አንድ ነገር እንጨምር። የዓለም የኤድስ ቀን ኅዳር 22 ገደማ በሚታሰብበት ጊዜ፣ በየትምህርት ቤቱ ስለ በሽታው ትምህርት ይሰጣል። ቀድሞ በየግድግዳው ይለጠፉ የነበሩት፣ አጥንቱ የወጣ ሰውና የራስ ቅል የተሣለባቸው አስፈሪ ሥዕሎች ዛሬ ሊታዩ አይገባም። ከተማሪዎቹ መካከል በዚያ ሥዕል ውስጥ አባቱን የሚያይ ልጅ ይኖራልና። በሽታው በሚታከምበት ዘመን ፍርሃትን ማስተማር ሰውን ከምርመራ ያርቃል እንጂ አያድንም።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ይህን ካነበባችሁ በኋላ በሰፈራችሁ ድንኳኑ ከተነሣ የሰነበተ አንድ የኀዘን ቤት አስቡ። የሞቱን ምክንያት ሳትጠይቁ ሂዱ፤ የሟቹን ስም ጥሩ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት መዋላቸውን፣ እናታቸው መብላቷንና መድኃኒት የምትወስድ ብትሆን አለማቋረጧን እዩ። በሚቀጥለውም ወር ደግሞ ተመለሱ።